የዓይን ማዝና የእኛ ድርሻ
(ለዕረፍት ወደየአገራቸው ለሚሄዱ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ስለ ዓይን ጤና እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ ወዳጆቼ «በደካማ መብራት ስለ ማንበብ ነውን?» አሉኝ። ንባብ ዓይንን ያደክማል እንጂ አያሳውርም። በተወለድሁበት በአበርገሌና በመላው ዋግ ሰውን ከሚያሳውሩት አንዱ የዓይን ማዝ፥ ማለት ትራኮማ ነው። በ1998 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በተደረገው ጥናት በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ካላቸው ልጆች ከመቶው 62 የሚሆኑት ይህ በሽታ ተገኝቶባቸው ነበር።

በሽታው ከዓይን ወደ ዓይን የሚሄደው በእጅ፥ በጨርቅና በዝንብ ነው። እናት የአንዱን ልጅ ዓይናር በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ በዚያው የሌላውን ትጠርጋለች። ዝንቡም ሜዳ ላይ በተጣለ ዓይነ ምድር ይራባል። ልጁ ደጋግሞ ሲያዝ የዓይኑ ቆብ ከውስጥ ይጠባሰላል፤ ካደገ በኋላ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ዓይኑን ይፍቃል፤ በመጨረሻም ብርሃኑ ይጠፋል። ከልጆች ጋር የሚውሉት ሴቶች ናቸውና ጉዳቱ በእነርሱ ይብሳል።

ስለዚህ ፊትን በየቀኑ መታጠብ፥ ፎጣ አለመዋዋስ፥ መጸዳጃ ቆፍሮ መጠቀም የዘወትር ልማድ ይሁን። ይህ እዚህ በመኝታ ቤታችንም ይሠራል። ውሃ ከሩቅ በሚቀዳበት አገር ክዳኑን በምስማር የበሱት የውሃ ፕላስቲክ ተዘቅዝቆ ቢንጠለጠል ጥቂት ውሃ የብዙ ልጆችን ፊት ያጥባል።

ታዲያ «ታጠቡ» ብሎ መስበክ ብቻውን ይበቃልን? አይበቃም። በጎረቤታችን በሰቆጣ ዙሪያና በጋዝጊብላ ከ2015 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. በ40 የገጠር መንደሮች «ውሃ» የተባለ ጥናት ተደርጎ ነበር። ለግማሾቹ ውሃ፥ ሳሙናና የንጽሕና ትምህርት ተሰጣቸው። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን በልጆቹ ዓይን ላይ የተገኘው የበሽታው ተሕዋስ ካልተሰጣቸው መንደሮች ያነሰ አልነበረም። ይህን የምናገረው መታጠብ ከንቱ ነው ለማለት አይደለም። በሽታው በጸናበት አገር ውሃ ብቻውን በአጭር ጊዜ እንደማያሸንፈው አውቀን እናቶቻችንን ከመውቀስ እንድንቆጠብ ነው። እንስራ ተሸክማ ረጅም መንገድ የምትሄድ ሴት ሰነፍ አይደለችም።

ከንጽሕናው ጋር መድኃኒቱ ሊሄድ ይገባል። በዘመቻ የሚታደለው አዚትሮማይሲን ሲመጣ «ጤነኛ ነኝ» ብሎ የሚቀር ሰው እንዳይኖር እናስረዳ፤ ሕመም የማይሰማው ሰው ተሕዋሱን ሊያስተላልፍ ይችላልና። ሽፋሽፍቷ የታጠፈባትን እናት ወይም አክስት ደግሞ ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰድ። በወረንጦ መንቀል ለጊዜው ያሳርፋል፤ ጸጉሩ ግን ተመልሶ ይበቅላል። ብዙዎች ቀዶ ሕክምናውን የሚፈሩት ዓይን የሚወጣ መስሏቸው ነው። የሚነካው ቆቡ ብቻ ነው፤ ማደንዘዣ ይሰጣል፤ በዚያው ቀን ወደ ቤት ይመለሳሉ። የጠፋውን ብርሃን አይመልስም፤ የቀረውን ግን ያተርፋል። መዘግየት የሚያስፈራውም ስለዚህ ነው።

የዓለም የጤና ድርጅት ሞሮኮ በ2016፥ ጋና በ2018 እ.ኤ.አ. ይህን በሽታ የሕዝብ ጤና ችግር ከመሆን ማስወገዳቸውን አረጋግጦላቸዋል። ለእነርሱ የተቻለ ለእኛም ይቻላል።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ አገራችሁ ስትገቡ እናታችሁን አቅፋችሁ ስትስሙ ዓይኗን ተመልከቱ። እንባ የሚያበዛና ብርሃን የሚሸሽ ከሆነ «እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፉ።