ግራር ሥር የሚያድር ሰው

ሰሊጥ ሲደርስ ከደጋው ወደ መተማና ቋራ የሚወርደው የጉልበት ሠራተኛ ምን ይናፍቀዋል? የጤፍ እንጀራና የቤት ቡና ቢባል ማንም አይደነቅም። «ገንዘብ ሊይዝ እንጂ ሊንደላቀቅ አልወረደም» የሚል መልስም አይጠፋም፤ ለእንጀራውና ለቡናው እውነት ነው፣ ይቻላል። መኝታው ግን ከምቾት ተራ ይወጣል። ሰውየው ቀን ሲያጭድ ውሎ ማታ ማዳበሪያ ከረጢት አንጥፎ ግራር ሥር ጋደም ይላል። ካላዛር የተባለውን በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ደግሞ በዋልካው ስንጥቅና በግራሩ ዙሪያ ትራባለች፤ የምትነክሰውም ሌሊት ነው። ወባም አለ፣ የደጋ ሰው ገላ ደግሞ አልለመደውም።

«አጎበር ቢሰጠውስ የት ይሰቅለዋል?» የሚለው ተቃውሞ ክብደት አለው፤ ሜዳ ላይ ምሰሶ የለም። ቢሆንም አራት እንጨት ተክሎ ሣር ማልበስ ለባለ እርሻው ብዙ አይደለም። ካላዛር የያዘው ሰው 17 ቀን በመርፌ ይታከማል፤ የሰሊጡ ገንዘብ እዚያው ያልቃል። ሕመሙም ቆላ አይቀርም። በ1997 ዓ.ም. በደጋማው ሊቦ ከምከም የነበረው ወረርሽኝ ካላዛር መሆኑ ሲታወቅ፣ አስቀድሞ ወባ ተብሎ ሲታከም ቆይቶ ነበር፤ ያመጡትም ከቆላ እርሻ የተመለሱ ሠራተኞች እንደሆኑ ይታሰባል።