ሞባይል ስልክ፣ የሽንኩርት ገበያና የአራዳ ቸርቻሪዎች

(የዩኒየናችንን የምሥረታ በዓል ምክንያት በማድረግ በአዲስ አበባ፣ ፒያሳ፣ ለአባላትና ለተጋባዥ እንግዶች የቀረበ ንግግር)






እንደ እኔ ያለ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ መድረክ ሲሰጠው ብዙውን ጊዜ የሚናገረው ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ተባይ ነው። ዛሬ ግን የተጠየቅሁት ሽንኩርቱ ከማሳ ከወጣ በኋላ ስለሚሆነው እንድናገር ነው። በኮሌጅ ለዲፕሎማ ስንማር የግብይት ትምህርት የተሰጠን በጥቂቱ ስለነበር፣ የምለው አብዛኛው ከእናንተው የሰማሁትና በሥራ ላይ ያየሁት ነው።

እንደሚታወቀው አሁን የተሰበሰብንበት አካባቢ ለገበያ እንግዳ አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ትልቁ የአራዳ ገበያ ይቆም የነበረው እዚሁ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከየአቅጣጫው እህል፣ ቅቤ፣ ማርና የሸማኔ ሥራ እየተጫነ ይመጣ ነበር። መክፈያው ማርትሬዛ ብርና አሞሌ ጨው ነበር። በኋላ የአቢሲኒያ ባንክ የወረቀት ገንዘብ ሲያወጣ ብዙ ሰው ወረቀቱን አላመነውም፤ የብር ጠገራውን በእጁ መዝኖ፣ ድምፁን ሰምቶ መቀበል ይመርጥ ነበር። ይህን የማነሣው ዛሬ በሞባይል የሚላክን ገንዘብ የሚጠራጠሩ አባቶች ሲሳቅባቸው ስለማይ ነው። ያልያዙትን ገንዘብ መጠራጠር የነጋዴ ጠባይ እንጂ ኋላ ቀርነት አይደለም።

ጣሊያን ከ1928 ዓ.ም. ጀምሮ አገራችንን በወረረበት ጊዜ የአገሬው ገበያ ወደ ምዕራብ ተዛውሮ መርካቶ ተባለ፤ ፒያሳ የሚለው ስምም ከዚያው ዘመን የቀረ ነው። ሆኖም ገበያ ከአራዳ ጨርሶ አልጠፋም። የፒያሳ ወርቅ ሠሪዎች ነበሩ፤ ለእኛ ለአትክልት አምራቾች ደግሞ ለረጅም ዓመታት አትክልት ተራ ነበረ። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት አትክልት ተራ ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ጃንሜዳ ለጥምቀት በዓል መለቀቅ ስለነበረበት ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ሄደ። በ2016 ዓ.ም. በመልሶ ማልማቱና በኮሪደር ልማቱ የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ ብዙ ነዋሪዎች ወደ ከተማው ዳርቻ ተዛወሩ። ስለ ከተማ ፕላን የሚናገሩ ባለሙያዎች አሉ፤ እኔ የማነሣው አንድ ነገር ብቻ ነው። የጉሊት ነጋዴ ከቦታዋ ስትነሣ ወይም ሰፈሩ ሲነሣባት የምታጣው መደቧን ብቻ ሳይሆን ደንበኞቿንም ጭምር ነው። ያኔ ከጥንቱ ሰፈር የሚቀራት ስልኳ ውስጥ የያዘችው ቁጥር ነው።

ወደ ሽንኩርታችን ልመለስ። ዋጋ እንዴት እንደሚወሰን አባቶቼ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ደላላው ማሳው ድረስ ይመጣል። ሽንኩርቱ ይነቀላል፣ ማታ በአይሱዙ ይጫናል፣ ከሸዋ ሮቢት ወገን የተነሣው ጣርማበርን በሌሊት አቋርጦ ንጋት ላይ አዲስ አበባ ይገባል። ከዚያ በኋላ ስልክ ይደወልና “ገበያው ዛሬ ወድቋል” ይባላል። የተነቀለ ሽንኩርት ተመልሶ አይተከልም፤ ስለዚህ የተባለውን መቀበል ግድ ይሆናል። በዚያው ጠዋት ግን እዚህ አራዳ ያለችው ቸርቻሪ “ከገጠር ተወዶብን ነው የመጣው” ተብላ ጨምራ ትገዛለች። ደላላ ሁሉ ይዋሻል ማለቴ አይደለም። ገበያው በእርግጥ የሚወድቅበት ቀንም አለ። ችግሩ በሁለቱም ጫፍ ያለውን ዋጋ የሚያውቀው መሐል ያለው ሰው ብቻ መሆኑ ነው።

ታዲያ ስልክ ይህን ይፈታል ወይ? ከፊሉን። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ለቡናና ለሰሊጥ ዋጋን በይፋ ማሳወቅን አስለምዷል። ነገር ግን ሽንኩርት እንደ ሰሊጥ መጋዘን አስገብቶ በደረሰኝ የሚሸጥ ምርት አይደለም፤ ይበሰብሳል። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው የ8028 የስልክ መስመርም ስለ አመራረት ምክር በመስጠት ብዙ ጠቅሟል፤ የነገውን የአራዳ ዋጋ የሚነግረን ግን ራሳችን ነን።

በቅርቡ በዩኒየናችን ውስጥ አንድ ሐሳብ ሲነሣ ሰምቻለሁ። የራሳችን የስልክ መተግበሪያ ይሠራልን፣ ምርቱን በቀጥታ ለሸማቹ ቤት እናድርስ፣ ቸርቻሪውንም ከመሐል እናውጣ የሚል ነው። ሐሳቡ ከቅንነት የመጣ ቢሆንም እኔ አልስማማበትም፤ ምክንያቴንም ላስረዳ። በስልክ የሚያዝ ሰው ትልልቁንና መልከ መልካሙን ሽንኩርት ነው የሚፈልገው። ማሳችን ግን ትልቁንም መካከለኛውንም ደቃቁንም ያወጣል። ደቃቁን በመደብ ከፋፍላ ሩብ ኪሎ ለሚፈልገው የምትሸጥልን የጉሊት ነጋዴዋ ናት። ደመወዝ እስኪወጣ በዱቤ የምትሰጠውም እርሷ ናት። እርሷን ብናወጣት ትልቁን ሸጠን ደቃቁ ማሳ ላይ ይቀርብናል። ለእርሷ ደግሞ ጉዳቱ ከዚህ ይከፋል፤ የልጆቿ እንጀራ ነውና።

ስለዚህ ስልኩ ቸርቻሪዋን የሚያስወጣ ሳይሆን ከእኛ ጋር የሚያገናኝ ይሁን ነው የምለው። አሠራሩ ቀላል ነው። ዩኒየኑ በየቀኑ ከምሽቱ 12 ሰዓት የማግስቱን መሸጫ ዋጋ በአጭር መልእክት ይልካል። መልእክቱ ለአርሶ አደሩም ለቸርቻሪዋም አንድ ዓይነት ሲሆን፣ የገጠሩ ዋጋ፣ የትራንስፖርቱና የዩኒየኑ ድርሻ ለየብቻ ይጻፍበት። አንድ ላይ የሚያዝዙ አሥር ወይም አሥራ አምስት ቸርቻሪዎች ተሰባስበው እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ትእዛዛቸውን ይላኩ፤ ምርቱ በማለዳ በተስማሙበት አንድ ቦታ በሚዛን ይረከቡ። ለዚህ ስማርት ስልክ አያስፈልግም፤ ተራው ባለ ቁልፍ ስልክ ይበቃል።

ክፍያን በተመለከተ ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ኢንተርኔት ለሌለውም በ*127# ይሠራል። ጥቂት ማሳሰቢያ ግን ልስጥ። ገዢ በራሱ ስልክ ላይ ያለውን መልእክት ወይም ፎቶ አሳይቶ “ይኸው ከፍያለሁ” ቢል አትመኑት፤ እንዲህ ያለው ነገር ተቀናብሮ ሊሠራ ይችላል። ገንዘብ ገብቷል የሚባለው በእናንተ ስልክ ላይ ቀሪ ሂሳባችሁን አይታችሁ ስታረጋግጡ ነው። የሚስጥር ቁጥራችሁን የሚጠይቅ ሰው፣ ከቴሌ ነኝም ቢል፣ ሌባ ነው።

ሌላው፣ እናቶቼ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሲም ካርዱ በማን ስም ነው? በምሠራበት ቀበሌ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅተው የሚሸጡ ሴቶች አሉ። ልጆቻቸው በቴሌግራም ፎቶውን እየለጠፉ ደንበኛ ያመጡላቸዋል። ሥራው የእናት ሲሆን ገንዘቡ ግን በባል ወይም በልጅ ቁጥር ይገባል። ይህ ፀብ ባያመጣም እንኳ፣ በ2014 ዓ.ም. እንደ ወጣው ቴሌብር መላ ያለ የሞባይል ብድር የሚፈቀደው በራስ ቁጥር በተደረገ እንቅስቃሴ መጠን ስለሆነ፣ እናት ብድር ስትፈልግ “እንቅስቃሴ የለሽም” ትባላለች። ለጉሊት ነጋዴዎችም እንዲሁ ነው። ብድሩን ስትወስዱ ግን የአገልግሎት ክፍያውን ከአንድ ቀን ትርፋችሁ ጋር አስተያዩት።

እንግዲህ ከእኛ ከአምራቾቹ ምን ይጠበቃል? ፎቶ የሽንኩርትን ቀለም ያሳያል፤ አንገቱ አለመድረቁን ግን አያሳይም። ከግማሽ በላይ ቅጠሉ ሳይወድቅ የተነቀለ፣ በጥላ ሥር ሳይደርቅ የተጫነ ሽንኩርት መንገድ ላይ መበስበስ ይጀምራል። ዋጋው ተወዷል ተብሎ በጥድፊያ የሚነቀለው ደግሞ ይኸው ነው። በስልክ ያዘዘች ቸርቻሪ ጆንያው መሐል እርጥብ ብታገኝ በማግስቱ አታዝዝም፤ ቁጥራችንንም ከስልኳ ታጠፋዋለች። ስለዚህ ሳይደርቅ እንዳይጫን የየማኅበሩ ተረካቢ ኃላፊነት ይውሰድ፤ በጆንያው ላይም የአምራቹ መለያ ቁጥር ይጻፍበት።

አንድ ያልተፈታ ጉዳይ አለ። መኪና ተበላሽቶ ወይም መንገድ ተዘግቶ ሽንኩርቱ ሁለት ቀን ቢዘገይ ኪሳራው የማን ነው? እስካሁን የአርሶ አደሩ ብቻ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ዩኒየኑ ከትርፍ ክፍፍል በፊት ለዚህ የሚሆን መጠባበቂያ ቢይዝ፣ ቸርቻሪዎቹም የታዘዘውን ሊቀበሉ በጽሑፍ ቢስማሙ፣ ሸክሙ ይከፋፈላል። ይህ በጠቅላላ ጉባኤ የሚወሰን ስለሆነ፣ ከሰዓት በኋላ በሚደረገው ውይይት በአጀንዳ እንዲያዝ ቦርዱን በትሕትና እጠይቃለሁ። ትእዛዝ መላክ የምትፈልጉ የአራዳ ቸርቻሪዎች በር ላይ መዝገብ ስላለ ስማችሁንና በራሳችሁ ስም የወጣውን የስልክ ቁጥር አስመዝግባችሁ እንድትሄዱ አደራ እላለሁ።