ሰው ክትባትን የሚቀበልበትና የሚሸሽበት ምክንያት
ለመምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተነገረ ቃል



ዛሬ የምንነጋገርበት ነገር ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ ሰው ክትባትን ስለሚቀበልበትና ስለሚሸሽበት ምክንያት ነው። ክትባት የሚለው ቃል ከግእዙ «ከተበ» የወጣ ነው፤ ትርጓሜውም ጻፈ ማለት ነው። መምህር ፊደልን በሰሌዳ ጽፎ ለተማሪው እንደሚያስታውቅ፥ ክትባትም የበሽታውን መልክ ለሰውነት አስቀድሞ ያስታውቀዋል፤ በሽታው በእውነት በመጣ ጊዜ ሰውነት ጠላቱን ለይቶ ይመክተዋል። ነገር ግን መድኃኒቱ የቱንም ያህል መልካም ቢሆን፥ ሰው ክንዱን ካልሰጠ በጠርሙስ ውስጥ ሳለ ማንንም አያድንም።

ሕዝብ ከክትባት በሸሸ ጊዜ «ባለማወቁ ነው» ብሎ መፍረድ ቀላል ነው፤ እውነቱ ግን ከዚህ ይሰፋል። አባቶቻችን ዘመናዊ ክትባት ሳይመጣ፥ ከፈንጣጣ ሕመምተኛ ቍስል ጥቂት ፈሳሽ ወስደው የጤነኛውን ቆዳ በጥተው ያስገቡ እንደ ነበር በ19ኛው መቶ ዓመት አገራችንን ያዩ መንገደኞች ጽፈዋል። ልማዱ አደገኛ ነበረ፤ ሆኖም የመከተብ ሐሳብ ለሕዝባችን እንግዳ እንዳልነበረ ያስረዳል። እንግዲያስ ሰውን የሚያሸሸው ምንድን ነው? ሦስት ነገሮችን እናገራለሁ።

መጀመሪያው ፍርሀት ነው። የመርፌው ሕመም ዛሬ የሚታይ፥ በሽታው ግን ገና ያልመጣ ስለ ሆነ፥ ትንሹ ከትልቁ ይልቅ ያስፈራል። ዓሊ ማው ማዓሊን የተባለ ሰው በሶማልያ በመርካ ከተማ የሐኪም ቤት ወጥ ቤት ነበረ፤ መርፌው ያማል ብሎ ስለ ፈራ ከክትባት ሸሸ። በጥቅምት 1970 ዓ. ም. ፈንጣጣ የያዛቸውን ልጆች ለጫነ መኪና መንገድ ሊያሳይ ለጥቂት ጊዜ አብሯቸው ተቀመጠ፤ በሽታውም ያዘው። እግዚአብሔር ምሮት ዳነ፤ በዓለም ላይ ፈንጣጣ በተፈጥሮ መንገድ የያዘው የመጨረሻው ሰው እርሱ ሆነ። በ1972 ዓ. ም. የዓለም የጤና ድርጅት ፈንጣጣ ከምድር መጥፋቱን አወጀ። ይህ ሰው ኋላ የልጅነት ልምሻን ክትባት በማዳረስ ሥራ ገብቶ፥ እምቢ ለሚሉ ወላጆች የራሱን ታሪክ እየነገረ ያስረዳ ነበር፤ በ2005 ዓ. ም. በዚሁ ሥራ ላይ ሳለ በወባ ታሞ ሞተ። አስቀድሞ የፈራ ሰው የፈራውን ሰው ልብ ያውቃልና ሰሚ ያገኛል።

ሁለተኛው እምነት ማጣት ነው። በናይጄርያ በካኖ አገር በ1988 ዓ. ም. የማጅራት ገትር ወረርሽኝ ሳለ፥ አንድ የውጭ ኩባንያ አዲስ መድኃኒት በሕፃናት ላይ ሞከረ፤ ወላጆችም «ፈቃዳችን በሚገባ አልተጠየቀም» ብለው ከሰሱ። ቂሙ ሳይሽር በ1995 ዓ. ም. «የልጅነት ልምሻ ክትባት መካን ያደርጋል» የሚል ወሬ ተነሣ። ወሬው ሐሰት ነበረ፤ ዳሩ ግን በቆየ ቍስል ላይ ስለ ወደቀ ሥር ሰደደ፤ የካኖ ሹማምንትም ክትባቱን ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አቆሙት። በ1996 ዓ. ም. መጨረሻ የተመለሰው፥ ሹማምንቱ የሚያምኑት መድኃኒት ከእስላም አገር ከኢንዶኔዥያ በተገኘ ጊዜ ነው። ነገር ግን በሽታው አስቀድሞ ወጥቶ ነበርና ከአገር ወደ አገር እያለፈ፥ በሱዳን በኩል በ1997 ዓ. ም. ዓመታት ሙሉ ከእርሱ አርፋ ወደ ነበረችው አገራችን ገባ። እነሆ፥ በሩቅ አገር የጠፋ እምነት የእኛን ልጆች እግር አሰረ።

ሦስተኛው የመንገድ መራቅና የጊዜ አለመመቸት ነው። ሕፃን አዝላ ግማሽ ቀን የተጓዘች እናት «መድኃኒቱ አልቋል፥ ሌላ ቀን ነዪ» ከተባለች ሁለተኛ ለመምጣት ትቸገራለች። እምቢተኛ ከምንለው ሰው መካከል ሳይመቸው የቀረም አለ።

የኮሮና በሽታ በመጋቢት 2012 ዓ. ም. በአገራችን በታወቀ ጊዜ፥ በዓመቱም ክትባቱ መሰጠት በጀመረ ጊዜ፥ እነዚህ ሦስቱ ነገሮች ተመልሰው ታዩ።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። የሚጠራጠረውን ሰው አትዝለፉት፤ የተሰደበ ሰው ጥርጣሬውን ይደብቃል እንጂ አይተውም። አስቀድማችሁ ጥያቄውን ስሙ፤ ያላወቃችሁትን ሐኪሙን ጠይቃችሁ መልሱለት። ክንድ ሊያብጥ፥ ትኵሳትም ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ሊነሣ እንደሚችል፥ ከዚህ የበረታ ሕመም ግን ጥቂት ጊዜ ብቻ እንደሚያጋጥምና ያን ጊዜ ፈጥኖ ወደ ሐኪም መሄድ እንደሚገባ ሳትሸሽጉ ንገሩት። ትኵሳቱን የደበቀ መካሪ፥ ትኵሳቱ በመጣ ጊዜ ቃሉ ሁሉ ሐሰት ይመስላል። የእናንተ ተራ በደረሰ ጊዜ በሰው ፊት ቀድማችሁ ተከተቡ። ክትባቱም ሕዝብ በሚሰበሰብበት በገበያ ቀንና በበዓል ማግሥት እንዲሰጥ ከጤና ሠራተኞች ጋራ ተማከሩ።

ሳይደርቅ በእርጥቡ፥ ሳይርቅ በቅርቡ እንዲሉ፥ ይህን ሁሉ በሰላሙ ጊዜ ጀምሩት። እምነት በወረርሽኝ ቀን ተዘርቶ በዚያው ቀን አይታጨድም። ለመንደሩ ሰው ሐኪሙ እንግዳ ነው፤ እናንተን ግን ያውቃችኋል። ስለዚህ ልጁን ይዞ ሊመጣ ወይም ሊቀር የሚቆርጠው ብዙ ጊዜ ከእናንተ በሰማው ቃል ነውና፥ ቃላችሁን እውነተኛ አድርጉ።