ሁለት ሐዲዶች
(የኬንያን ታሪክ ለኢትዮጵያውያን ተማሪዎች በንጽጽር ስለ ማስተማር የቀረበ ንግግር)



ስለ ኬንያ የሚያስተምር መምህር «እነርሱ ተገዙ፤ እኛ አልተገዛንም» ብሎ ከጀመረ ትምህርቱ እዚያው አለቀ። አነጋገሩ ኩራት ይሰጥ ይሆናል፤ ጥያቄ ግን አያስነሣም። ለንጽጽር የሚበጀው በሁለቱም አገር የተሠራ አንድ ዓይነት ነገር መያዝ ነው። ለዚህም መሐንዲስ ለታሪክ መምህር የሚያበድረው ምድር ባቡሩን ነው።

የሞምባሳው ሐዲድ ሥራ በ1896፣ የጅቡቲው በ1897 ተጀመረ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የሁለቱም ስፋት አንድ ሜትር ነበር፤ ሁለቱም ከባሕር ጠረፍ ተነሥተው ቆላውን አቋርጠው ወደ ደጋ ይወጣሉ። ዳገቱም በሁለቱም አገር ከተማ ቆረቆረ። ናይሮቢ በ1899 ወደ ኪኩዩ ደጋ ከመወጣቱ በፊት ባለው ሜዳ ላይ የተተከለች ጣቢያ ነበረች። ድሬዳዋም በ1902 የተመሠረተችው ሐዲዱ ወደ ሐረር የሚያወጣውን ዳገት ሸሽቶ በግርጌው በማለፉ ነው።

ልዩነቱ ከዚህ በኋላ ይመጣል። የሞምባሳው 930 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በ1901 ቪክቶሪያ ሐይቅ ደረሰ፤ የጅቡቲው ግን አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ተማሪው «እንግሊዞች ብርቱ ስለ ነበሩ ነው» ይል ይሆናል። የተሻለው መልስ የሚገኘው ከሒሳብ መዝገብ ነው። ለሞምባሳው ሐዲድ የእንግሊዝ መንግሥት ከ5 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አወጣ፤ ከ30,000 የሚበልጡ ሠራተኞችም ከሕንድ አስመጣ። የጅቡቲው ሐዲድ ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት የ99 ዓመት ውል የተቋቋመ የግል ኩባንያ ሥራ ነበር። ኩባንያው ገንዘብ ቢያጥረው በ1902 ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር ተዋዋለ፤ ምኒልክ ይህን ተቃወሙ፤ ሐዲዱም ድሬዳዋ ላይ ለዓመታት ቆመ።

የኬንያው ፍጥነትም ዋጋ ነበረው፤ ዋጋውን የከፈለው ግን ሌላ ነው። ወጪውን ለመመለስ ጭነት ያስፈልግ ስለ ነበር አስተዳደሩ አውሮፓውያን ገበሬዎችን ጋበዘ፤ በ1902 የወጣው ድንጋጌም መሬት እንዲገዙ ፈቀደላቸው። ማሳዮች በ1904ቱ ውል በሐዲዱ ዳር ከነበረው የስምጥ ሸለቆ ግጦሻቸው ወደ ላይኪፒያ ተዛወሩ፤ በ1911 ሌላ ውል ተፈርሞ ከዚያም እንዲነሡ ተደረገ።

እዚህ ላይ መምህሩ ወደ መጀመሪያው ኩራት ቸኩሎ ባይመለስ መልካም ነው። የማሳይን ግጦሽ ማን ወሰደው ብሎ የጠየቀ ተማሪ ያንኑ ጥያቄ ይዞ በጅቡቲው ሐዲድ መተሐራ ጣቢያ ላይ መውረዱ አይቀርም። በዚያ የከረዩዎች የአዋሽ ዳር ግጦሽ በ1960ዎቹ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ሆኗል፤ መሬቱን ለውጭ ኩባንያ የሰጠውም የገዛ አገራቸው መንግሥት ነበር።