ከመጀመሪያው ሦስት ማዕዘን በፊት፦ የግራፊክስ ላይብረሪን በፓኬጅ ማኔጀር ስለ መጫን



የኮምፒውተር ግራፊክስ ትምህርት እንደ ልማዱ የሚጀምረው አንድ ባለ ቀለም ሦስት ማዕዘን በስክሪን ላይ በመሣል ነው። ብዙ ተማሪ ግን ሦስት ማዕዘኑ ጋ ሳይደርስ ደጃፉ ላይ ይቀራል፤ የሚያስፈልገው ላይብረሪ በኮምፒውተሩ ላይ በትክክል አልተጫነምና። እኛ መምህራን ይህን የቴክኒሻን ሥራ ነው ብለን እናልፈዋለን። እኔም አልፌው ነበር። ዛሬ የምናገረው በዚያ ምክንያት ከሠራሁት ስሕተት ተነሥቼ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የቤተ ሙከራችን ኢንተርኔት ደካማ ስለ ነበረ፣ ጂኤልኤፍደብልዩ የተባለውን ላይብረሪ በፍላሽ አምጥቼ ኡቡንቱ በተጫነባቸው ኮምፒውተሮች ሁሉ ላይ በእጄ ገለበጥሁት። ይህ ላይብረሪ ራሱ ሥዕል አይሥልም፤ መስኮት ይከፍታል፣ ኦፕንጂኤል የሚሠራበትን ሁኔታ ያዘጋጃል፣ ከቁልፍ ሰሌዳና ከማውስ የሚመጣውን ይቀበላል። ሥራው በአንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አለቀ፤ እኔም ደስ አለኝ።

በኋላ ግን አንዲት ተማሪ የመጨረሻ ፕሮጀክቷን ልታሳይ በቀረበች ጊዜ፣ የቤተ ሙከራው ኮምፓይለር ኮዷን አልቀበልም አለ። «ቤት ይሠራል» አለችኝ። ይህን ምክንያት ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁና አላመንኋትም፤ ነጥብ ቀነስሁባት።

ነገሩ ስለ ከነከነኝ ኮምፒውተሩን ቆይቼ መረመርሁት። የተማሪዋ ኮድ የስሕተት መልእክት ለመጠየቅ የሚያገለግል፣ በ2019 በወጣው በ3.3 ዕትም የተጨመረ ፈንክሽን ይጠራል። እኔ በፍላሽ ያመጣሁት 3.2 ነበር። የሚገርመው፣ አዲሱም ዕትም በዚያው ኮምፒውተር ላይ በሥርዓት ተጭኖ ነበር። ኮምፓይለሩ ግን በእጅ የተገለበጡ ፋይሎች የሚቀመጡበትን «ዩኤስአር ሎካል» የተባለ ፎልደር አስቀድሞ ስለሚያይ፣ አሮጌውን አገኘና በእርሱ ረካ። እኔ ያስቀመጥሁት ፋይል በፓኬጅ ማኔጀሩ መዝገብ ውስጥ ስለሌለ፣ ፓኬጅ ማኔጀሩ ሊያድሰውም ሊያነሣውም አልቻለም። ለተማሪዋ ነጥቧን መለስሁላት፤ ይቅርታም ጠየቅኋት።

እንግዲህ ፓኬጅ ማኔጀር ከሁሉ አስቀድሞ መዝገብ ነው። ኡቡንቱ ከዴቢያን የወረሰው አፕት ሥራውን የሚሠራው በሁለት ትእዛዝ ነው። «ሱዶ አፕት አፕዴት» ስንል አንዳች ነገር አይጭንም፤ በሰርቨሩ ላይ ምን ፓኬጅ በየትኛው ዕትም እንዳለ የሚናገረውን ዝርዝር ብቻ ያድሳል። «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ሊብጂኤልኤፍደብልዩ3-ዴቭ» ስንል ግን ፓኬጁንና ፓኬጁ የሚደገፍባቸውን ሌሎች ፓኬጆች ፈልጎ ያመጣል። የዝርዝሩ መነሻ በዲጂታል ፊርማ የታተመ ነው፤ የእያንዳንዱ ፓኬጅ አሻራም በዝርዝሩ ውስጥ ስለ ሰፈረ፣ በመንገድ የተለወጠ ፋይል ተለይቶ ይታወቃል። የእኔ ፍላሽ እንዲህ ያለ ዋስትና አልነበረውም።

በስሙ መጨረሻ ያለችውን «ዴቭ» የምትል ቃል አትናቋት። ዴቢያን አንዱን ላይብረሪ ለሁለት ይከፍለዋል፤ አንዱ ክፍል ያለቀውን ፕሮግራም ለሚያስኬድ ሰው፣ ሁለተኛው ፕሮግራሙን ለሚጽፈው ሰው ነው። ይህን የተረዳ ተማሪ ሦስቱን የተለመዱ ስሕተቶች በመልካቸው ይለያቸዋል።

የመጀመሪያው ኮድ ሲተረጐም የሚመጣው ነው፤ ኮምፓይለሩ ሄደር ፋይሉን አጣሁት ይላል። ብዙውን ጊዜ የጎደለው ይኸው የ«ዴቭ» ፓኬጅ ነው። ሁለተኛው ክፍሎቹ ሲገጣጠሙ ይመጣል፤ ሊንከሩ የፈንክሽኑን ስም አይቻለሁ፣ አካሉን ግን አላገኘሁም ይላል። እዚህ ላይ እንደገና መጫን አይረዳም፤ የላይብረሪው ስም በትእዛዙ ላይ አልተጻፈም፣ ወይም ከኮድ ፋይሉ በፊት ተጽፏል። ሦስተኛው ያለቀው ፕሮግራም ሲነሣ ይመጣል፤ የጋራ ላይብረሪውን መክፈት አልቻልሁም ይላል። ይህ በተለይ ፕሮግራሙን ወደ ሌላ ኮምፒውተር ስንወስደው የሚያጋጥም ነው፤ በዚያ ኮምፒውተር ላይ የመጀመሪያው ክፍል አልተጫነም ማለት ነው። ሦስቱን ሳይለይ ሁሉንም «አልሠራም» ብሎ የሚጠራ ሰው መድኃኒቱን በዕድል ይፈልጋል።

«ኢንተርኔቱ ደካማ ከሆነ ምን እናድርግ?» የምትሉኝ አትጠፉም፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ፍላሽ አይደለም። በቤተ ሙከራው ውስጥ አንድ ኮምፒውተር ላይ አፕት ካቸር ኤንጂ የተባለውን ፕሮግራም መጫን ይቻላል። አንዱ ተማሪ አንድ ጊዜ ያወረደውን ፓኬጅ ይህ ኮምፒውተር ያስቀምጠዋል፤ የቀሩት ከእርሱ ይወስዳሉ። ፊርማውና መዝገቡ እንዳሉ ይቆያሉ።

ፓኬጅ ማኔጀርም ወሰን አለው። በተረጋጋ የሥርዓተ ክወና ዕትም ውስጥ የሚገኘው ላይብረሪ ብዙ ጊዜ ከአዲሱ ወደ ኋላ የቀረ ነው። አዲሱ የግድ ካስፈለገ፣ በገዛ ፕሮጀክታችሁ ፎልደር ውስጥ ገንቡት እንጂ ለሁሉ የጋራ በሆነው ስፍራ አትጨምሩት። የማን እንደሆነ የማታውቁት ፋይል ሲያጋጥማችሁም «ዲፒኬጂ» የተባለውን ትእዛዝ ከትልቁ «ኤስ» ጋር ጠይቁት፤ ፋይሉን ያመጣው ፓኬጅ የትኛው እንደሆነ ይነግራችኋል። ባለቤት የለውም ካላችሁ፣ እንደ እኔ ያለ አንድ ቸኳይ ሰው በዚያ አልፏል ማለት ነው።

ለባልደረቦቼ የማቀርበው ልመና አንድ ነው። የግራፊክስ ትምህርት የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ለመጫን ሥራ እንስጠው፤ ዕትሙንም በኮርሱ መግለጫ ላይ እንጻፈው። ተማሪ «ቤት ይሠራል» ሲለን፣ በሁለቱ ኮምፒውተሮች መካከል ልዩነት መኖሩን እየነገረን ነው። ነጥብ ከመቀነሳችን በፊት ልዩነቱን መፈለግ የእኛ ድርሻ ነው።