«ደብሮኛል» ስንል ሐኪሙ ምን ይሰማል?

ቡናው እስኪደርስ ስለ ጥቂት ቃላት ላጫውታችሁ።

አንዲት እናት ሐኪም ዘንድ ቀርባ «ሁሉ ነገር ደብሮኛል» አለች። የሚያስተረጉምላት የ12 ዓመት ልጇ ነበር። እሱ እዚሁ አሜሪካ ያደገ ነውና «ሰልችቷታል» ብሎ አስተላለፈው። ሐኪሙም ከቤት ወጣ እንድትል፣ ስፖርት እንድትጀምር መክሮ ሸኛት። ሴትዮዋ ግን ሦስት ወር ሙሉ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም፤ እህልም አልወርድላት ብሎ ነበር። ልጁን አልወቅሰውም፤ እኛስ ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ስንፈታ «ደበረኝ» እንል የለ?

ሐኪሞች ዲፕሬሽን የሚሉት፣ አሁን አሁን በአማርኛ ድባቴ የተባለው፣ ሌላ ነገር ነው። ሐዘኑ ወይም የፍላጎት ማጣቱ ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ በየቀኑ ለማለት በሚቻል ሁኔታ፣ ከእንቅልፍና ከምግብ መዛባት ጋር ሲቆይ ነው። ስለዚህ ቃሉን ትታችሁ ሁኔታውን ንገሯቸው፦ ስንት ሌሊት እንዳልተኛችሁ፣ ከሥራ ስንት ቀን እንደቀራችሁ። «ልቤን ያፍነኛል» ስትሉም ልባችሁን ብቻ መርምረው ጤነኛ ናችሁ ብለው እንዳይሸኟችሁ፣ ጭንቀቱ መቼ እንደሚነሳ ጨምሩበት።

ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ ግዴታው ነው። ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በቀር በልጅ ማስተርጎምን የፌዴራል ሕግ ይከለክላል። «አስተርጓሚው የሰፈሬ ሰው ቢሆንስ?» የምትሉ አላችሁ፤ አውቃለሁ፣ ሁላችንም የምንተዋወቅ ነን። በስልክ የሚያስተረጉም፣ ከሌላ ከተማ የሆነ ሰው ጠይቁ።

ሐኪሙ «ሳይካትሪስት» ሲል የአዲስ አበባው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል፣ አማኑኤል፣ ትዝ የሚለን ብዙ ነን። ሳይካትሪስት መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም ነው፤ ቴራፒስት ደግሞ በንግግር የሚያክም ባለሙያ። ከሁለቱ ማንኛቸውም ዘንድ መሄድ ሰውን እብድ አያሰኝም።

ወደ ልጆቻችን ልምጣ፤ እዚህ ላይ ነው ቤተሰብ የሚጎዳው። ትምህርት ቤቱ «ኢቫሉዌሽን እናድርግለት» ሲል እኛ «ልጅህ ዘገምተኛ ነው» እንዳለን ቆጥረን አንፈርምም እንላለን። ኢቫሉዌሽን ምርመራ ብቻ ነው። ለምርመራው መፈረም ለስፔሻል ኤዱኬሽን መፈረም አይደለም፤ ለዚያ ሌላ ፊርማ ይጠይቋችኋል። በ1975 እ.ኤ.አ. መሠረቱ በተጣለው የስፔሻል ኤዱኬሽን ሕግ መሠረት፣ ከፈረማችሁ በኋላ ክፍለ ግዛቱ የራሱን ጊዜ ካልወሰነ በቀር ምርመራው በ60 ቀን ማለቅ አለበት። ልጁ ድጋፍ ያስፈልገዋል ከተባለ አይ ኢ ፒ ይጻፍለታል፤ ምን ዓይነት እርዳታ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ በማን እንደሚሰጠው የሚዘረዝር ሰነድ ነው። ስብሰባው ላይ አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት አላችሁ። ልጃችሁ ገና ሦስት ዓመት ካልሞላው ትምህርት ቤት አትጠብቁ፤ «ኧርሊ ኢንተርቬንሽን» የሚባለውን የሕፃናት ድጋፍ ጠይቁ። ያልፍለታል፣ አባቱም አፉን የፈታው ዘግይቶ ነው እያልን ስንት ዓመት አባከንን!

መንግሥት ስለሚከፍለው ድጎማም አንድ ነገር ልበል፤ ኤስ ኤስ አይና ኤስ ኤስ ዲ አይ ስማቸው ይመሳሰል እንጂ አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ሠርቶ ታክስ ለከፈለ አካል ጉዳተኛ ነው። የመጀመሪያው ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ አካል ጉዳተኛ ወይም አረጋዊ ሲሆን፣ ያላገባ አዋቂ ከ2,000 ዶላር በላይ ጥሪት እንዲኖረው አይፈቅድም። የዕቁብ ዕጣ ወጥቶላችሁ ባንክ ያስገባችሁ ቀን ይህን አስቡ።

አንድ ቁጥር ደግሞ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ፤ 988። ራሱን ስለማጥፋት የሚያስብ ወይም ጭንቀት የበረታበት ሰው ቀንም ሌሊትም ይደውላል። ሲያነሱ «አማርኛ» በሉና አስተርጓሚ እስኪመጣ ስልኩን አትዝጉ።

ያልገባችሁ ፎርም በቦርሳችሁ የያዛችሁ ካላችሁ፣ ከቡናው በኋላ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ታገኙኛላችሁ።