ስለ ደጋ ሣር ጠባይና አያያዝ



አምና እኔና ጓደኞቼ በግቢያችን የዘራነው የውጭ አገር ሣር ለምን እንደ ደረቀ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁናል። ውሃውን በጀሪካን የተሸከምነው እኛ ነንና ምክንያቱን መርምሬአለሁ።

ያ ሣር የደጋ ሣር ነው። የሚስማማው ሙቀት ከ15 እስከ 24 ዲግሪ ነው፤ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ ሥሩ ይደክማል፣ ቅጠሉም ይገረጣል። እኛ ዘንድ ደግሞ በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ይደርሳል።

የዚህ ሣር ዘመድ በአገራችንም አለ፤ ይኸውም ጓሳ ነው። በመንዝ ከ3200 ሜትር በላይ በሆነ ብርዳም ስፍራ ይበቅላል፤ ለቤት ክዳንና ለገመድ ያገለግላል። የመንዝ አባቶች ቄሮ በሚባል ሥርዓት ስፍራውን ለዓመታት ዘግተው፣ ሣሩ ሲደርስ ብቻ ያጭዱት ነበር። ሥርዓቱ እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ጸንቶ ቆይቷል፤ ዛሬም ጓሳውን የሚጠብቀው ያገሬው ሕዝብ ነው።

ሣር ምግቡን የሚሠራው በቅጠሉ ስለ ሆነ ዕረፍት ያስፈልገዋል። ስለዚህ የግቢ ሣር በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ሲሶ በላይ አይቈረጥ። ውሃም በየቀኑ ከመርጨት ይልቅ አልፎ አልፎ፣ በማለዳ፣ አጥግቦ ማጠጣት ይሻላል፤ ሥሩ ውሃውን ተከትሎ ወደ ታች ይወርዳልና።

ለሁርሶ ግን የሚስማማው ገበሬ በእርሻው የሚጠላው ሰርዶ ነው። ሙቀት ይወዳል፤ እየተሳበም መሬቱን ይሸፍናል። ዘንድሮ እርሱን እንትከል፤ ሥር እስኪሰድም ኳስ አንጫወትበት። እኔ ትምህርቴን ጨርሼ እሄዳለሁ፤ በለመለመው ሣር ላይ የምትቀመጡት እናንተ ናችሁ።